የሰንሰለቱ ሌላ ጫፍ

አባቴ ስሙ ዋኘው ነው፤ ዋና ግን አያውቅም፤
ውሃ ጉልበቱን ሲነካው መሬት አይለቅም።
ጓንግን የሚሻገረው በበጋ ነው፣ ሱሪውን እስከ ጭኑ ጠቅልሎ፣
የቀያሾቹን ሰንሰለት ትከሻው ላይ ጥሎ።

ሥራው ጫፍ መያዝ ነበር።
«ሳብ!» ሲሉት የሚስብ፣ «ላላ!» ሲሉት የሚያላላ፤
ቁጥሩን የሚጽፈው ሌላ፣ ካርታውን የሚፈርመው ሌላ።
ከወዲያኛው ዳር፣ ከቁርቁራው ጥላ፣
ሌላውን ጫፍ የያዘ አንድ ሰው ነበረ፣ ኢድሪስ የሚባል፤
ሲስቅ የፊት ጥርሱ ፍንጭት ከሩቅ ይታያል፤
አማርኛው ከአባቴ ዓረብኛ ትንሽ ይሻላል።
በሁለቱ መሀል ሰንሰለቱ ሲወጠር
ወንዙ ከሥሩ ያልፍ ነበር፣
የማን እንደሆነ ሳይጠየቅ፣ ሳይመረመር።

ማታ እሳት ዳር አምባዛ ይጠብሳሉ።
«ሥጋ ቢሆን ባራኪው በለየን፤
ዓሣ ደጉ፣ አራጅ የለው፣ ባንድ ሳህን አገናኘን»
ይል ነበር ኢድሪስ፣ እሾሁን እየለቀመ።

አንድ ክረምት፣ ነሐሴ ሲያጋምስ፣
ጓንግ እንቅልፍ እንዳጣ ሰው ጎኑን ቀየረ፤
ከቁርቁራው በላይ ጥቁሩን አፈር ሰብሮ አዲስ አልጋ ቆፈረ፤
ችካሉን ነቀለ፣ ሲሚንቶውን ገነጣጥሎ ወሰደ፣
የሰሊጡ ማሳ ሳይንቀሳቀስ ማዶ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ያንን ቁራሽ መሬት፣
ከድሮው አልጋ እስካዲሱ፣ አንድ ሲጃራ የማይጨርስ መንገድ፣
እኛ «የኛ» እንላለን፣ እነሱም «የኛ» ይላሉ።
ሰሊጡ ግን ቀኑ ሲደርስ አጫጅ ሳይጠብቅ ይፈነዳል፤
ፍሬውን ለአንዱም ሳይሰጥ መሬት ላይ ያራግፋል።

ወንድሜ አዛናው ሳሉግ ሆኖ ወረደ።
ጥቅምት ላይ ማጭዱ ብቻ ተመለሰ፣
በጆንያ ተጠቅልሎ፣ ከማናውቀው ሹፌር እጅ።

ዛሬ ጎንደር ነን፤ አዘዞ፣ የቆርቆሮ አጥር ያለው ግቢ።
ፋይል የያዙ ሰዎች መጡ። ጭቃ ሳይነካው ጫማቸው።
«አቶ ዋኘው፣ ከቀሩት እርስዎ ነዎት የሚያውቁት፤
ወንዙ ያኔ የት ነበር? እዚህ ላይ ይፈርሙልን።»

አባቴ መነጽሩን ፈለገ። ዓይኑ ላይ ነው ያለው።
ሰማያዊውን መስመር በአውራ ጣቱ ዳበሰ፣
እንዲርስ የጠበቀ ይመስል ጣቱን ደግሞ አየው።
«ይሄኛው አይንቀሳቀስም» አለ።
«እኔ የማውቀው ይንቀሳቀስ ነበር።»

«እንግዲያው ምስክርነትዎ ምንድን ነው?»
«ግማሽ ነው። የያዝኩት አንድ ጫፍ ነው።
ሌላውን ጫፍ የያዘውን አምጡልኝ፣ ያኔ እንለካለን።
ሰንሰለት ላንድ ሰው እስር ነው፤ ለሁለት ነው ልክ የሚሆነው።»

ሻዩ ላይ ዝንብ አረፈ። ሳይጠጡ ሄዱ።

እኔ ግን አልቻልኩም፤ ጮኽኩበት።
«ለአዛናው ስትል እንኳ! አንዲት ፊርማ!
ያ ኢድሪስህ ልጁን ልኮ ይሆናል እኮ፣ ማን ያውቃል፣
ማጭዱን ያስመለሰልን!»
አልመለሰልኝም። አንገቱ ላይ ያለው ሥር ብቻ
ተነሣ፣ ተኛ።

ሲመሽ ካልጋው ሥር የቆርቆሮ ሳጥኑን ጎተተ።
ሰንሰለቱ ዝጎ እንደ እባብ ቅርፊት ይራገፋል።
አንዱን ጫፍ ሰጠኝ። ከቧንቧው አጠገብ አቆመኝ፤
እሱ ወደ አጥሩ ሄደ፣ ቀስ እያለ፣ ድንጋይ እንደሚመርጥ።
መብራት ጠፍቷል። እሱን አላየውም፤
ብረቱ ሲከብደኝ ብቻ ነው ያለበትን የማውቀው።
«ሳብ!» አለ።
ሳብኩ። የዛገው እጄን ቆረጠኝ።
ያኛውም ጫፍ ሳበኝ፣
በሰባ ስምንት ዓመቱ፣ እንደ ጎልማሳ።
«ላላ!» አለ።

አልለቀቅኩም።